ለምስጢር የመጣ ሙሾ

ከመካነ ብርሃን የመጡት ለቀስተኞች የምስጢርን ስም እየጠሩ ሲገቡ፣ ምስጢር ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብላ ነበር።

መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። የአክስቷን የካሰችን ድምፅ ደግሞ የማያውቅ የለም። ጃናሞራ ውስጥ ሰው ሲሞት ከቄሱ እኩል የምትጠራ አልቃሽ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አስራ አንድ ሰው ከኋላዋ አስከትላ፣ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ሁለት እጇን ዘረጋችና አወረደችው፦

ምስጢር ልብሽ ደክሞ ምነው ሳልደርስልሽ፣
የኔን አሮጌውን አውጥቼ ሳልሰጥሽ።

ሻይ የያዘ ሻዩን እንደያዘ ቀረ፣ ንፍሮ የሚያኝከው ጉንጩን እንደነፋ ቀረ። ካሰች ግን የምታለቅሰው ዓይኗን ጨፍና ስለሆነ ምንም አላየችም። ቀጠለች፦

ዳገቱ ሲከብድሽ ጫማሽን ስታስሪ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ አንቺ ሰው አትፍሪ።

ከዛ ዓይኗን ገለጠች። ፊት ለፊቷ ምስጢር አለች፣ በጥቁር ሻርፕ ተጠቅልላ፣ አፏን ከፍታ እያየቻት። ካሰች አማተበች። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። የተዘረጋው እጇ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት አየር ላይ ቀረ። ከኋላዋ ያሉት አስራ አንዱም እንደሷ ደርቀው ቆሙ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ የተናገረችው የምስጢር እናት እንኳየሁ ናት። ድምፅ አልቀረላትም ነበር።

«እትዬ» አለች፣ «ህሩይ ነው።»

በካሰች መፍረድ አይቻልም። እሁድ ዕለት መካነ ብርሃን የደረሰው ስልክ «መሪጌታ ልጃቸውን ቀበሩ» የሚል ነው። የትኛውን ልጅ ብሎ የጠየቀ የለም። ምኑ ይጠየቃል? መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ያላቸው ሁለት ልጅ ነው፣ አንዷ ደግሞ ምስጢር ናት። ምስጢር ልጅ ሆና ጉሮሮዋን እየተመላለሰ ሲያማት፣ ያ ሕመም ወርዶ ልቧ ውስጥ ያለውን የደም በር አበላሽቶታል፤ ዶክተሩ እንደዛ ነው ያስረዳቸው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ ትወጋለች፣ ጠዋት ማታ ኪኒን ትውጣለች፣ ለቀዶ ጥገና ወረፋ ከያዘች ሁለት ዓመት አልፏታል። ዘመድ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያቺ ልጅስ እንዴት ናት?» ብሎ ነው። ስለ ወንድሟ ስለ ህሩይ የሚጠይቅ የለም። ህሩይ ምን ይሆናል? የሃያ ዓመት ልጅ፣ ጆንያ ጤፍ በአንድ ትከሻው ጣል አድርጎ እያፏጨ የሚገባ።

ቅዳሜ ከሰዓት አራዳ ካለችው የሞባይል መጠገኛው ተነሳ። የጠገነውን ስልክ ፀዳ ከተማ ለሚኖር ሰው ሊያደርስ ባጃጅ ተሳፈረ። ባጃጁ መንገድ ላይ ተገለበጠ። አለቀ፣ ይኸው ነው። የስልኩ ባለቤት እሁድ ቀብር መጥቶ ነበር፤ ስልኬስ ማለት አፍሮ፣ አልቅሶ ብቻ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ነገሩን ለማስተካከል ተሯሯጡ። ሳትሞት የተለቀሰላት ዕድሜዋ እንደሚረዝም፣ ለእገሊትም እንዲሁ ሆኖ ይኸው የልጅ ልጅ እንዳየች ተወራ። አንዲት ሴት ግን ቀስ ብላ ለጎረቤቷ «ሞትም እንደ ካሰች ነው የተሳሳተው» ስትል ምስጢር ሰማች። አልተቀየመቻትም። እሷ ራሷ ከእሁድ ጀምሮ ስታስበው የነበረውን ነው ሴትዮዋ የተናገረችው።

ለምስጢር መርዶ የተነገራት ክንዷ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ታስሮ ነው። ቀልድ አይደለም። እሁድ ጎሕ ሲቀድ እናቷ ውኃና ኪኒን ይዛ ገባች፣ ዋጪ አለቻት፣ ዋጠች። ከዛ ገንፎ በእጇ አጎረሰቻት፣ እንደ ሕፃን። ምስጢር ተነጫነጨች፤ እኔ እጅ የለኝም ወይ፣ ደግሞ ህሩይ የታለ አለች። አዘዞ ጓደኛው ጋ አድሯል ተባለች። እናቷ ይህን ስትል እጇ አልተንቀጠቀጠም። ምስጢር በኋላ በኋላ ከሁሉ የደነገጠችው በዚህ ነው፤ ልጇ እንደሞተ እያወቀች ገንፎ እየለካች የምታጎርስ እጅ።

ቀጥላ ጎረቤታቸው ሲስተር አበቡ ነርስ ስለሆነች መለኪያዋን ይዛ መጣች፣ ምስጢር በእሁድ ምን ትለኪኛለሽ ብላ ሳትጨርስ ክንዷን አሰረችው። ከሷ ኋላ አባቷ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገቡ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ሞት ያስተማሩት ቃል ሁሉ ጠፋባቸውና «ወንድምሽ አረፈ» ብቻ አሉ። ምስጢር ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሲስተር አበቡ መለኪያውን እያየች «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ልብሽን» አለቻት። ጩኸቱ እዛው ቀረ።

ከዛ ወዲህ ማልቀስ ተከልክላለች። ማን ከለከላት? ሁሉም። አስከሬኑ ሲወጣ ከሲስተር አበቡ ጋር ጓዳ ነበረች። ድንኳን ውስጥ ከንፈሯ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ አስር ሴት ይነሳል፤ ላንቺ አይሆንም የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ እዘኚላት፣ አንቺ ነሽ የቀረሻት። ሌላውን ሰው ሲያለቅስ ይደግፉታል፣ እሷን ሚሪንዳ ይሰጧታል። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ሚሪንዳ ጠጥታለች። ነገ ማክሰኞ ሰልስት ነው፣ ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል፣ ሰው ይበተናል። ሰው ከተበተነ በኋላ የሚለቀስ ለቅሶ የትራስ ለቅሶ ነው። እሷ ደግሞ ወንድሟን በትራስ ማልቀስ አትፈልግም። አንድ ጊዜ፣ በሰው ፊት፣ እንደ እህት ልታለቅሰው ትፈልጋለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

አሁን ግን በላዩ ላይ ጫማው መጣባት።

ከቤታቸው ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ዳገት ለጤነኛ ምንም አይደለም። ምስጢር ግን መሃሉ ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ሰው ከንፈር እንዳይመጥባት ጎንበስ ትልና ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። አንዴ በግራ፣ ትንሽ ሄዳ አንዴ በቀኝ። ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ለእናቷም። ህሩይ አብሯት ሲሆን እዛው ይቆምና ስለ ኳስ ይለፈልፋል፣ ማን ማን ላይ ጎል አገባ፣ ዳኛው እንዴት እንደበደለ። ምንም ያላየ ነበር የሚመስላት። አንድ ቀን ክር የሌለው ጫማ አድርጋ እንኳን ስታስር ዝም ብሎ ስለ ፍፁም ቅጣት ምት አወራ። በሁሉ ነገር የሚስቅ ልጅ፣ በሷ ክር አልባ ጫማ አልሳቀም።

ታዲያ የግማሽ ቀን መንገድ የራቀች ካሰች ከየት አመጣችው?

ከሰዓት አክስቷን ከቤቱ ጀርባ የውኃ ሮቶው አጠገብ አገኘቻት። ካሰች እንግዶቹ ፊት መቀመጥ አፍራ፣ እህል አልበላም ብላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። አልቃሽ ሙሾ ጠፍቶባት ድንኳን ጥላ ስትወጣ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። መንገዱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ስታዘጋጅ የመጣችው ሁሉ ለምስጢር ነበር። ለህሩይ አንዲት ስንኝ የላትም።

«ምነው መጣሽብኝ ልጄ» አለች። «ፊትሽን የማይበት ዓይን የለኝም።»

«ጫማዬን ማን ነገረሽ?»

ካሰች ነጠላዋን አስተካከለች። መልሳ አበላሸችው።

«ንገሪኝ እንጂ አክስቴ።»

«እሱ ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ምስጢር አስራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከዛ ውስጥ ሦስቱን ቀን ህሩይ ድንገት ጠፋ። ሲመለስ ደባርቅ ለስልክ ዕቃ ሄጄ ነው አላት፣ እሷም አኩርፋ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እኔ እዚህ ልሞት ነው፣ አንተ ዕቃ ትገዛለህ ብላ። እሱም «ቆይ ልትሞቺ ነው እንዴ? ሳትነግሪኝ!» ብሎ ቀለደባት። ለካ የሄደው መካነ ብርሃን ነው። ለካ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ለቤተሰቡ ንገር፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብሎት ነበር። ለአባቱ አልነገረም፣ ለእናቱ አልነገረም። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሙሾ አውራጅ አክስቱ ቤት ገባ።

«ስትሞት እንደነገሩ እንዳያለቅሷት አለኝ» አለች ካሰች። «አባባ ሙሾ አይወድም፣ ቢወድም የሚያለቅሷት አያውቋትም፣ በሽተኛ ነበረች ብለው ነው የሚያለቅሷት አለኝ። እሷን የሚያውቅ ግጥም ይኑራት። እኔ ድምፅ የለኝም፣ አንቺ በይልኝ አለኝ። ሁለት ሌሊት እያለቀሰ ነገረኝ፣ እኔም ግጥም እያደረግሁ ያዝሁት። ያንን የጫማውን ራሱ ነው የገጠመው፣ እኔ ዜማውን ነው የሰጠሁት።»

ምስጢር መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሆስፒታል ሲመለስ ብርቱካን እየወረወረ እንደ በረኛ ሲይዝ የነበረውን አስታወሰች። ልብሽ እኮ ቆሎ ትምህርት ቤት የሚያንቀላፋ ተማሪ ነው፣ አንድ ኩርኩም ነው የሚያስፈልገው ያላትን። አንድም ቀን ፈርቶ አይታው አታውቅም። ሌላው ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ሲይዛት እሱ ብቻ ስለማይፈራላት ነበር ከሱ ጋር መሆን ደስ የሚላት።

«ባንቺ ፊት የሚስቀው እኔ ቤት አልቅሶ ጨርሶ ነው» አለች ካሰች።

ከድንኳኑ የወንዶቹ ጉርምርምታ ይሰማል። ምስጢር ስትናገር ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፣ ለራሷም ገረማት።

«እሱ ሳልሞት አለቀሰልኝ» አለች። «እኔ ሞቶም አላለቀስኩለትም።»

ካሰች ቀና ብላ አየቻት። ከዛ እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ወደሷ ዞራ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ሥራ እንደሚጀምር ሰው።

«በይ ንገሪኝ» አለች። «ምን ያናድደው ነበር? ምን ያበላሽ ነበር? ደግ ነበረ፣ ሸጋ ነበረ አትበይኝ፣ ደግነትማ ለሞተ ሁሉ ይባላል።»

ምስጢር አሰበች። ከየት ይጀመራል? ስለ ድምፁ ነገረቻት። የመሪጌታ ልጅ ሆኖ፣ አባቱ ከየሀገሩ የሚመጣ ተማሪ ዜማ እያስተማሩ፣ የህሩይ ድምፅ እንደ ተሰነጠቀ ድስት ነበር። አስራ ሁለት ዓመቱ እያለ በዓል ቀን ማኅሌት ላይ ጮክ ብሎ ገባበትና አባቱ ዞር ብለው አዩት። ቤት ሲመለሱ «አንተ ድምፅህ አያምርም፣ ለጊዜው ዝም ብለህ ቁም» አሉት። አልተቆጡትም፣ ዝም ብለው ነው የነገሩት፣ የማይድን በሽታ እንደሚነግር ሐኪም። ለጊዜው የተባለው ስምንት ዓመት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከንፈሩን እንኳ አያንቀሳቅስም። ስልክ መጠገን የጀመረውም ከዛ በኋላ ነው፤ ስልክ ድምፅ ሲጠፋበት አውቃለሁ ምን እንደሚሰማው ይል ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ለሷ ይዘፍናል። ኪኒኑ መራራ ነው አልውጥም ስትል በሩ ላይ ይቆምና እስከ ሦስት ይቆጥራል። ሦስት ሲል ካልዋጠች አፉን ይከፍታል። ማንም ሰው ያንን ድምፅ ሁለት ጊዜ አይሰማም፤ ትውጣለች። ጎረቤት ሲስተር አበቡ አንዴ በአጥር በኩል ምን እየታረደ ነው ብላ ጠይቃለች።

ምስጢር ይሄን ስትናገር ሳቀች። ሳቋ ድንገት ወጣባትና አፏን በሻርፕ ያዘች። ካሰችም ሳቀች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ከዛ ሳቋን አቆመችና ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች፣ በጣቷ ጉልበቷን እየመታች፣ ቃል እየቆጠረች። ሲያልቅ በሹክሹክታ አለችላት። ምስጢር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሮቶውን ያዘች።

«አባትሽን ይነካዋል» አለች ካሰች።

«ይንካቸው።»

«አንቺንስ? ልብሽስ?»

«ልቤን አትጠይቂው፣ ሁልጊዜ እምቢ ነው የሚለው» አለች ምስጢር። ከዛ ፈራች፣ እውነቷን ለመናገር። አልቅሳ ብትወድቅስ? ሴቶቹ የሚሉት ቢደርስስ? እናቷ በአንድ ሳምንት ሁለት መቃብር? ይሄን ለካሰች አልነገረቻትም። «የመጀመሪያውን አንቺ በይው» አለቻት፣ «ሁለተኛውን እኔ እላለሁ።»

ማክሰኞ ጸሎቱ ረፋድ ላይ ተጠናቀቀ። ካህናቱ መጽሐፋቸውን አጠፉ፣ የዕድር ሰዎች ዳቦውን ማዞር ጀመሩ፣ ከወዲያ በኩል አንዱ የድንኳኑን ገመድ ሲፈታ አይተው ቆይ ገና ነው አሉት። ካሰች ያኔ ተነሳች።

መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ እጃቸውን አነሱ። ክርስቲያን በተስፋ ነው የሚሸኘው፣ በሙሾ አይደለም፤ ይሄን ለስንቱ ለቀስተኛ አስተምረዋል።

«ካሰች፣ ተይ» አሉ።

«አንተ» አለች፣ ታላቅ እህታቸው ናትና፣ «ትናንት በሕይወት ላለችው ሳወርድ ዝም አልኸኝ። ዛሬ ለሞተው ልታስቆመኝ ነው?»

መሪጌታ እጃቸውን አወረዱ። ካሰች ዛሬ ዓይኗን አልጨፈነችም። እጇን ዘረጋችና ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጠች አለች፦

ድምፁ አያምርም ያሉ ዛሬ ምን ይበሉ፣

ቆመች። ሰው ጠበቀ። ሁለተኛው ስንኝ አልመጣም። መሪጌታ ቀና አሉ፣ ለማን እንደተባለ ከምስጢር ሌላ የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሴቶቹ ካሰችን ያዩ ጀመር፣ አሁንም ጠፋባት ብለው።

ምስጢር ተነሳች። ሲስተር አበቡም ከጎኗ ተነሳች። ምስጢር እጇን ገፋችውና፣ ዜማ በማያውቅ ድምፅ፣ እንደ ወንድሟ በተሰነጠቀ ድምፅ አለችው፦

ዝም ብሎ ቢተኛ አለቀሱ ሁሉ።

መጀመሪያ የተሰበሩት አባቷ ናቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፣ ከውስጥ የመጣው ድምፅ የዜማ መምህር ድምፅ አልነበረም። ድንኳኑ ተከተለ። ምስጢርም እሁድ ሳይጮህ የቀረው አፏ ተከፈተና ጩኸቱ ወጣ። «ህሩይ» አለች፣ «ወንድሜ» አለች፣ ከዛ ቃል አልነበረም። መሬቱ ላይ ወደቀች። ኧረ ያዟት፣ ልጅቷን ያዟት እያሉ ከየአቅጣጫው መጡ፣ አንዷም ሚሪንዳ ይዛ ነበር።

እንኳየሁ ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች አለፈቻቸው። ምስጢር እናቷን ስታይ ልታስቆመኝ ነው ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። እናቷ ግን መሬቱ ላይ ከጎኗ ተንበረከከች፣ ሻርፑን ገለጥ አደረገችና ቀኝ መዳፏን ልጇ ደረት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ለጠፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከመዳፏ ስር ሲሮጥ፣ ሲደናቀፍ፣ ደግሞ ሲነሳ ይሰማታል።

«አልቅሺ» አለቻት በጆሮዋ። «እኔ ይዤዋለሁ።»

ምስጢር አለቀሰች። ሲስተር አበቡ መለኪያዋን ይዛ ቀርባ ነበር፤ እንኳየሁ ዓይኗን ሳትገልጥ በግራ እጇ ገታቻት፣ ቀኙን ግን ከነበረበት አላነሳችውም።